7 የትናንሽ ድርጅቶች ድረ ገጾች አሉኝ፤ የትኛው ሆስቲንግ ይሻለኛል?

መላ_ፈላጊ | ሰኞ ማታ 3፡10

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። አዲስ አበባ ነኝ፣ ለትናንሽ ድርጅቶች ድረ ገጽ እሠራለሁ። አሁን በእጄ ያሉት 7 ናቸው፦ ባሕር ዳር ያለ የእንግዳ ማረፊያ፣ የጥርስ ክሊኒክ፣ ቡና ላኪ፣ መርካቶ ያለ የመጋረጃ ሱቅ፣ የመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ፣ አስጎብኚ ድርጅትና የሒሳብ ባለሙያ ቢሮ። ሁሉም በዎርድፕረስ (የድረ ገጽ መሥሪያ ሶፍትዌር) የተሠሩ ናቸው። ሱቁ ላይ ብቻ ዉኮሜርስ (በኦንላይን መሸጫው) አለ። ሁሉንም አንድ የውጭ ሼርድ ሆስቲንግ (ሰርቨሩን ከብዙ ሰው ጋር የምትካፈልበት የድረ ገጽ ማስቀመጫ ኪራይ) ላይ፣ በአንድ አካውንት ነው የያዝኳቸው።

የሦስት ዓመት ጥቅል ነበር፤ አሁን ማደሻው ደርሶ ኢንቮይስ ላኩልኝ። የመጀመሪያው ዋጋ ደንበኛ መሳቢያ ቅናሽ ነበር ለካ፣ ማደሻው ሦስት እጥፍ ነው። ሦስት እጥፍ በዶላር ማለት ሐምሌ 2016 ብር ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ በብር ስንት እንደሚመጣ ለእናንተ አልነግራችሁም። ከመለቀቁ በፊት ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር።

ክፍያውን የሚፈጽምልኝ አሜሪካ ያለ የአክስቴ ልጅ ነው፣ በራሱ ካርድ። እሱን ማስቸገር ደግሞ ሰልችቶኛል።

እዚያው ላድስ? ቪፒኤስ (ራሴ የማስተዳድረው የኪራይ ሰርቨር) ልውሰድ? ወይስ አገር ውስጥ ካሉት አንዱን ይዤ በቴሌብር ከፍዬ ልገላገል? "ምርጥ 10 ሆስቲንግ" የሚሉትን ገጾች አንብቤ አንብቤ ዞሮብኛል።

ቡና_በጀበና | ሰኞ ማታ 3፡24

እነዚያን ገጾች ተዋቸው። በሊንካቸው ገብተህ ስትገዛ ኮሚሽን ያገኛሉ፤ ብዙ የሚከፍለው ነው 1ኛ የሚወጣው። ደግሞ ሁለት ስም አወዳደርኩ ብለህ ስትለፋ ባለቤቱ አንድ ሆኖ ታገኘዋለህ። ብሉሆስትና ሆስትጌተር ሁለቱም የኒውፎልድ ዲጂታል ናቸው። ስታወዳድር የመጀመሪያውን ዓመት ዋጋ አትይ፣ የማደሻውን እይ። ብዙ ጊዜ ከታች በደቃቅ ፊደል ነው የሚጻፈው።

ቻናል_ይበቃል | ሰኞ ማታ 3፡31

መጋረጃ ሻጭ ዌብሳይት ምን ሊያደርግለት ነው? ቴሌግራም ቻናል ይክፈት፣ ፎቶና ዋጋ ይለጥፍ፣ አለቀ። ሆስቲንግ የለ፣ ማደሻ የለ።

መላ_ፈላጊ | ሰኞ ማታ 3፡38

@ቻናል_ይበቃል ቻናል አለው እኮ፣ ሽያጩም ከዚያ ነው የሚመጣው። ድረ ገጹን የፈለገው ለሆቴሎችና ለቢሮዎች ፕሮፎርማ ሲልክ እንዲያዩት ነው። እሱ ላይ አልከራከርህም። የእንግዳ ማረፊያው፣ ቡና ላኪውና አስጎብኚው ግን ደንበኞቻቸው ፈረንጆች ናቸው፤ ጎግል ላይ ካልተገኙ የሉም ማለት ነው።

ሩት_አክሰስ | ማክሰኞ ጠዋት 2፡15

ዋጋውን ለጊዜው ተወው። እኔን ያስደነገጠኝ "በአንድ አካውንት" ያልከው ነው።

ሼርድ ሆስቲንግ ላይ ተጨማሪ ዶሜይን (የድረ ገጽ አድራሻ ስም) እያልክ የምታስገባቸው ሁሉ የሚሠሩት በአንድ ተጠቃሚ ስም ነው። ፋይሎቻቸውም አንድ ላይ ነው የሚቀመጡት። የማሠልጠኛው ድረ ገጽ ላይ ባለ አንድ ያረጀ ፕለጊን (ዎርድፕረስ ላይ የሚጫን ተጨማሪ መሣሪያ) በኩል የገባ ሰው ክሊኒኩንም ቡና ላኪውንም ያገኛቸዋል፣ ሌላ ፓስዎርድ አያስፈልገውም። አንድ የማውቀው ልጅ የያዛቸው ድረ ገጾች በሙሉ ጎግል ላይ ሲፈለጉ በጃፓንኛ የተጻፈ የጫማና የቦርሳ ማስታወቂያ ማሳየት ጀመሩ። አንዱን ሲያጸዳ ከሌላው ተነስቶ ተመልሶ ይገባበታል። በመጨረሻ ሁሉንም አንስቶ ከዜሮ ጫነ።

ስለዚህ የምትፈልገው ነገር እያንዳንዱ ደንበኛ የራሱ አካውንት እንዲኖረው ነው። ሪሴለር ሆስቲንግ የሚባለው ለዚህ የተሠራ ነው። ደብሊውኤችኤም የሚባል መቆጣጠሪያ ይሰጡሃል፣ ለ7ቱ 7 ሲፓነል (የየደንበኛው መቆጣጠሪያ) ትከፍታለህ። እያንዳንዱ የራሱ ፓስዎርድ፣ የራሱ የቦታ ገደብ፣ የራሱ ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) ይኖረዋል። ነገ መጋረጃ ሻጩ "ሌላ ልጅ አገኘሁ" ቢልህ የእሱን ብቻ አውጥተህ ታስረክበዋለህ፣ የሌሎቹ ላይ እጁ አይገባም። ሰርቨሩን ማደስና መጠበቅ ደግሞ የኩባንያው ሥራ ነው።

አንድ ነገር ግን ጠይቅ። ሲፓነል እ.ኤ.አ. በ2019 ዋጋውን በሰርቨር ማስላቱን ትቶ በአካውንት ብዛት አደረገው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሪሴለሮች የአካውንቱን ቁጥር ይቆነጥሩታል። በሲፓነል ፈንታ ዳይሬክትአድሚን የሚሰጡት አብዛኛውን ጊዜ ይረክሳሉ፤ መልኩ ለየት ይላል እንጂ ላንተ ሥራ ልዩነት የለውም።

ጥቁር_ተርሚናል | ማክሰኞ ጠዋት 3፡02

ሪሴለር በዚህ ዘመን 😂 ወንድሜ ቪፒኤስ ውሰድ። ሄትዝነር የሚባለው ኩባንያ ጀርመንና ፊንላንድ ውስጥ 2 ኮር፣ 4 ጊጋ ራም፣ 40 ጊጋ ዲስክ ያለውን ትንሹን በወር በጥቂት ዩሮ ነው የሚያከራየው። 7 ትናንሽ ዎርድፕረስ እዚያ ላይ ተኝተው ይሠራሉ። ኡቡንቱ (ሲስተሙ)፣ ኤንጂንኤክስ (ገጹን ለጎብኚ የሚያቀርበው)፣ ማሪያዲቢ (ዳታቤዙ)፣ ለእያንዳንዱ ድረ ገጽ የተለየ የሊኑክስ ተጠቃሚ። ኤስኤስኤሉ (ግንኙነቱን የሚያመሰጥረው ሰርተፍኬት) ሌትስ ኢንክሪፕት፣ በነጻ። ተርሚናል ካልወደድክ ደግሞ ሄስቲያ ወይም ሳይበርፓነል የሚባል መቆጣጠሪያ ፓነል ትጭናለህ። ለምን ለሌላ ሰው ትርፍ ትከፍላለህ?

ሩት_አክሰስ | ማክሰኞ ጠዋት 3፡20

@ጥቁር_ተርሚናል አንተ ትችለዋለህ፣ አውቃለሁ። ጥያቄው የእሱ ነው። ጥቅምት 2017 ሳይበርፓነል ላይ የተገኘው ቀዳዳ ትዝ ይልሃል? ያለ ፓስዎርድ ሩት (የሰርቨሩ ሙሉ ባለሥልጣን) ሆኖ የሚያስገባ ነበር፤ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ፋይል ቆልፈው ገንዘብ የሚጠይቁት የራንሰምዌር ሰዎች በሺዎች የሚቆጠሩ ሰርቨሮችን ዞሩባቸው። ያን ሰሞን ማታ ዜናውን ያላየ ሰው ጠዋት ፋይሎቹ ተቆልፈው ነው ያገኛቸው። ቪፒኤስ ወሰድክ ማለት ያን ዜና የማየት ግዴታ የአንተ ሆነ ማለት ነው። ፍልሰታን ገጠር ሄደህ ብታሳልፍ ማን ያይልሃል?

ጥቁር_ተርሚናል | ማክሰኞ ጠዋት 3፡26

የጸጥታ ማሻሻያዎችን ራሱ እንዲጭን ማድረግ ይቻላል። ፓነል ባይጭንም ይሻለዋል እሺ። ግን ማንም ሳይሞክር አይማርም።

ሩት_አክሰስ | ማክሰኞ ጠዋት 3፡29

ይማር። በራሱ ብሎግ ይማር፣ በጥርስ ክሊኒክ አይማር።

ሰሚት_72 | ማክሰኞ ቀን 6፡40

አገር ውስጥ ያለውን ማንም አልመለሰለትም፣ እኔ ልሞክር።

ጥቅሙ ግልጽ ነው። በብር ትከፍላለህ፣ በቴሌብር ወይም በባንክ። ከዚያም በላይ ደረሰኝ ታገኛለህ። ደንበኞችህ ሒሳብ መዝገብ የሚይዙ ድርጅቶች ከሆኑ ደረሰኝ የሌለው ወጪ ግብር ላይ ችግር ነው፣ የሒሳብ ባለሙያው ደንበኛህ ራሱ ይነግርሃል። ችግር ሲኖር ስልክ ደውለህ በአማርኛ ታወራለህ። ዶት ኢቲ ዶሜይን ከፈለግህም መጨረሻው ኢትዮ ቴሌኮም ጋ ነው፣ ስሙን የሚያስተዳድረው እሱ ስለሆነ።

ግን "አገር ውስጥ" የሚለውን ቃል አጣራ። ሆስቲንግ እንሸጣለን ከሚሉት ብዙዎቹ ሰርቨሩን ጀርመን ወይም አሜሪካ ተከራይተው በብር ነው የሚያከፋፍሉት። ይህ ነውር የለውም፣ ክፍያውን አቀለሉልህ ማለት ነው። ብቻ እወቀው። ከመክፈልህ በፊት ሦስት ነገር ጠይቅ፦ ሰርቨሩ የት አገር ነው? ባክአፑ በየስንት ቀኑ ይወሰዳል፣ የትስ ይቀመጣል? ልወጣ ስፈልግ ሙሉ ባክአፕ ትሰጡኛላችሁ? ሦስተኛውን ሲሰሙ የሚያንገራግሩትን ትተህ ውጣ። እኔ አንዱን ጠይቄ "መጀመሪያ ይግቡና እንነጋገራለን" ብሎኛል።

በእርግጥ እዚህ ያለ ሰርቨር ከፈለግህ አይሲቲ ፓርክ ውስጥ እንደ ዊንጉና ራክሲዮ ያሉ ዳታ ሴንተሮች አሉ፣ እነሱ ግን ለ7 ትናንሽ ድረ ገጽ የሚታሰቡ አይደሉም። እዚያ ውስጥ መደርደሪያ ተከራይቶ የሚያከፋፍል ድርጅት ካገኘህ ሌላ ነገር።

ቦታው ደግሞ በጎብኚው ይወሰናል። ማሠልጠኛውንና ክሊኒኩን የሚያየው እዚሁ ያለ ሰው ነው። ማረፊያውን የሚያየው ፍራንክፈርት ያለ ነው። እኛ ባሕር በር ስለሌለን ውጭ ያለ ሰርቨር ጋ ለመድረስ መረጃው በጅቡቲ ወይም በኬንያ በኩል ወጥቶ በባሕር ገመድ መሄድ አለበት። ስለዚህ አሜሪካ ካለ ሰርቨር ይልቅ አውሮፓ ያለው ለእኛ ይቀርባል። ከሁሉ በላይ የሚያዘገየው ግን ርቀቱ ሳይሆን መነሻ ገጹ ላይ የሚለጠፉት 5 ሜጋ የሚመዝኑ ፎቶዎች ናቸው። ዳታውን በፓኬጅ የሚገዛ ሰው ያን እስኪወርድ አይጠብቅህም።

ቡና_በጀበና | ማክሰኞ ቀን 7፡05

@ሰሚት_72 በደንብ ተናገርክ። አንድ ልጨምር። ሰኔ 2012 መጨረሻ ላይ ኢንተርኔት ሦስት ሳምንት ገደማ ሲጠፋ ውጭ ሰርቨር ላይ የነበሩት የአስጎብኚዎች ድረ ገጾች ለፈረንጁ ይከፈቱ ነበር። ባለቤቶቹ ናቸው ኢሜይላቸውን ማየት ያልቻሉት። ደንበኛው ውጭ ለሆነ ሥራ እኔ ሰርቨሩን ውጭ ነው የማስቀምጠው። ውጭ ዘመድ ያለው ደግሞ ቢያንስ መልእክቱ ለእሱም እንዲደርስ ያድርግ።

ሲልቨር_ስፕሪንግ | ማክሰኞ ማታ 4፡50

እኔ ሜሪላንድ ያለሁት ከፋይ ነኝ 🙋🏽‍♀️ የአጎቴ ልጅ አዲስ አበባ የእርስዎን... ይቅርታ፣ የአንተን ሥራ ነው የሚሠራው። ለእሱም ለእኔም ያቀለሉንን ልንገርህ።

አካውንቱ በእሱ ኢሜይልና በእሱ ስልክ ይሁን። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ነገር በእኔ ኢሜይል ነበር። ማረጋገጫ ኮዱ ለእኔ ስልክ ይመጣል፣ እሱ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ሥራ ሲጀምር እኔ ጋ ሌሊት ነው። ስምንት ሰዓት ልዩነት አለን፣ በአሜሪካ በጋ ሰባት። እኔ እስክነሳ ድረስ ሥራው ይቆማል።

ሁለተኛ፣ አሜሪካን ካርድ ከአዲስ አበባ በገባ አካውንት ላይ ሲያዩ ብዙ ኩባንያዎች "ማጭበርበር ነው" ብለው ትእዛዙን ያግዱታል። መታወቂያ ይጠይቃሉ፣ የካርዱን ባለቤት ይጠይቃሉ። ከመክፈላችሁ በፊት ለድጋፍ ሰጪዎቹ ጻፉላቸው፣ "ከፋዩ ሌላ አገር ያለ ዘመድ ነው" በሉ። የእኛዎቹ ያን ካወቁ በኋላ አላስቸገሩንም።

ሦስተኛ፣ በየወሩ አትክፈሉ። ብዙዎቹ ሒሳብ ውስጥ ቅድሚያ ገንዘብ ማስቀመጥ ይፈቅዳሉ። እኔ በዓመት አንዴ አስገባለሁ፣ ማደሻው ከዚያ ላይ ይቆረጣል። ካርዴ ጊዜው ቢያልፍም ድረ ገጹ አይጠፋም።

እንደው እኔን ከጠየቅኸኝ ግን በብር መክፈል የሚቻል ጥሩ ቦታ ካለ ዘመድህን አሳርፈው 😅

መላ_ፈላጊ | ማክሰኞ ማታ 5፡15

@ሲልቨር_ስፕሪንግ እህቴ እግዜር ይስጥልኝ፣ የአክስቴ ልጅ ይህን ቢያነብ "አሜን" ይላል። እዚህም የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ ላለው ሰው ካርድ የሚሰጡ ባንኮች አሉ። ቡና ላኪው እንዲህ ያለ ሒሳብ ይኖረዋል፣ የራሱን በራሱ እንዲከፍል ልጠይቀው አስቤያለሁ።

ጋሽ_ባክአፕ | ረቡዕ ጠዋት 1፡45

ልጆች፣ ሁላችሁም የት ይቀመጥ ነው የምትሉት፤ ቢቃጠልስ ያለ የለም።

መጋቢት 1 ቀን 2013 ፈረንሳይ ስትራስቡርግ የሚገኘው የኦቪኤች (የሆስቲንግ ኩባንያ ነው) ዳታ ሴንተር ተቃጠለ። እሳት፣ የእውነት እሳት። አንደኛው ሕንጻ ሙሉ በሙሉ ወደመ። በአውሮፓ ካሉት ትልልቆቹ አንዱ ነው እኮ፣ የጓሮ ድርጅት አይደለም። ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው "ባክአፕ ነበረኝ" አለ፤ ባክአፑ የነበረው እዚያው ግቢ ውስጥ ነው።

አንተ ልጅ፣ ማንንም ምረጥ፣ ባክአፕህ ግን ከሆስቲንግ ኩባንያው ውጭ ይሁን። አፕድራፍትፕላስ የሚባለውን ፕለጊን በነጻ ጫን፣ ጎግል ድራይቭ ጋ አገናኘው። ነጻው 15 ጊጋ ለትንሽ ድረ ገጽ ይበቃል። የሚጫነውም ከሰርቨሩ ቀጥታ ስለሆነ ያንተን ፓኬጅ አይበላም። ዳታቤዙ በየቀኑ፣ ፋይሉ በየሳምንቱ። ለእያንዳንዱ ደንበኛ የራሱን ጂሜይል ተጠቀም።

ከዚያ ደግሞ መልሰህ ጫነው። ባክአፕ ተወስዷል የሚል አረንጓዴ ምልክት አይቶ የተኛ ስንቱ ነው መሰለህ፣ ሲከፍተው ዳታቤዙ የሌለበት። በሦስት ወር አንዴ አንዱን ድረ ገጽ ባዶ ቦታ ላይ አስነሳው።

ሩት_አክሰስ | ረቡዕ ጠዋት 2፡05

ጋሼ፣ እርስዎ ሲናገሩ ሁሌም የምጨምረው ነገር አይኖረኝም 🙏🏽

ድንኳን_ሰባሪ | ረቡዕ ቀን 5፡30

ማንም ያላነሳው፣ "ያልተገደበ" የሚለው። ያልተገደበ ዲስክ፣ ያልተገደበ ድረ ገጽ ይሉሃል። ዲስኩን ባይገድቡትም የፋይሉን ብዛት ይገድባሉ፣ ኢኖድ ነው የሚሉት። ዎርድፕረስ አንዱ ብቻውን ብዙ ሺህ ፋይል ነው፣ ፎቶ ስትጭን ደግሞ እያንዳንዱን በተለያየ መጠን ይቀዳዋል፣ ካሹ (ለፍጥነት የሚቀመጠው ጊዜያዊ ፋይል) ሌላ። 7 ስትሆን ትሞላለህ። ፕሮሰሰሩንም ይገድቡታል። አስጎብኚው ጥምቀት ሰሞን ሰው ሲበዛበት "508 ሪሶርስ ሊሚት" የሚል ገጽ ካየህ ገደቡ ላይ ደርሰሃል ማለት ነው፣ ሰርቨሩ አልተበላሸም። ከመግዛትህ በፊት ራም ስንት፣ ኮር ስንት፣ ኢኖድ ስንት ብለህ ጠይቅ። የማይመልስልህ ሰው ጋ ምንም ያልተገደበ ነገር የለም።

ሐያት_አደባባይ | ረቡዕ ማታ 1፡20

ዶሜይኖቹ በማን ስም ናቸው? ከሆስቲንጉ ጥያቄ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

እኔ የምሠራበት መሥሪያ ቤት ድረ ገጹን የሠራልን ልጅ ዶሜይኑን በራሱ ኢሜይል አስመዝግቦ ነበር። ልጁ ውጭ ሄደ፣ ኢሜይሉን ተወው፣ ማሳሰቢያው ሁሉ እዚያ ሲጠራቀም ከረመ። ዶሜይኑ አለፈ። ጊዜው ካለፈ በኋላ ሪደምሽን የሚባል የ30 ቀን ጊዜ አለ፣ በዚያ ውስጥ ማስመለስ ይቻላል፣ ግን ክፍያው ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ነው። ለዚያውም በባለቤቱ አካውንት ገብተህ ነው። እኛ የልጁን እህት አፈላልገን ነው ያገኘነው። የቢሮ ካርዳችን፣ መኪናችን፣ በራችን ላይ ያለው ታፔላ ሁሉ ያ አድራሻ ነው ያለበት።

ዶሜይኑ በድርጅቱ ስም፣ በባለቤቱ ኢሜይል ይመዝገብ። አንተ ማስተዳደሪያ ፈቃድ ብቻ ይኑርህ። ከሆስቲንጉ ኩባንያም የተለየ ቦታ ቢሆን ይሻላል፤ ከሆስቲንጉ ጋር ከተጣላህ ዲኤንኤሱን (ዶሜይኑ የሚመራበትን ሰርቨር የሚናገረውን መዝገብ) ቀይረህ ትወጣለህ። ዶት ኮም አዲስ ከተመዘገበ ወይም ከተዛወረ በኋላ 60 ቀን ሌላ ቦታ አይሄድም፣ ስለዚህ ማደሻው እስኪደርስ አትጠብቅ። "ነጻ ዶሜይን እንሰጣለን" የሚሉትም ሁለተኛው ዓመት ላይ ዋጋቸውን እይ።

መላ_ፈላጊ | ረቡዕ ማታ 2፡02

@ሐያት_አደባባይ አራቱ በደንበኞቹ ስም ናቸው፣ ሦስቱ በእኔ። በዚህ ሳምንት አዛውራቸዋለሁ።

ኢሜይልስ ምን ታደርጋላችሁ? ቡና ላኪው "የላክሁት ኦፈር አልደረሳቸውም፣ ስፓም ገባ" እያለ በቀን ሁለቴ ይደውልልኛል። ለእሱ ድረ ገጹ ሦስት ቀን ቢጠፋ አይሰማውም፣ ኢሜይሉ ሦስት ሰዓት ቢጠፋ ግን መርከብ ያመለጠው ያህል ነው።

ሩት_አክሰስ | ረቡዕ ማታ 2፡30

ኢሜይሉን ከሆስቲንጉ አውጣው። ሼርድ ሰርቨር ላይ አንድ አይፒ (የሰርቨሩ የቁጥር አድራሻ) ከብዙ ሰው ጋር ነው የምትካፈለው፤ አንዱ ጎረቤትህ ስፓም ቢልክ አይፒው ጥቁር መዝገብ ይገባል፣ የቡናው ሰውዬ አብሮ ይቀጣል። ቪፒኤስ ላይ ደግሞ ሄትዝነርም ሌሎችም ለአዲስ ደንበኛ ፖርት 25ን (ኢሜይል የሚወጣበትን በር) ዘግተው ነው የሚሰጡህ።

ቡና ላኪው ለጎግል ወርክስፔስ ወይም ለማይክሮሶፍት ኢሜይል ይክፈል፣ አንድ ኮንቴይነር ለሚሸጥ ሰው ወጪ አይደለም። ለሌሎቹ የዞሆ ሜይል ርካሹ ጥቅል ይበቃል።

የትም ይሁን፣ የላኪውን ማንነት የሚያረጋግጡትን ሦስት የዲኤንኤስ መዝገቦች አስገባ፦ ኤስፒኤፍ፣ ዲኪም፣ ዲማርክ። ጎግልና ያሁ እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2024 ጀምሮ ላኪዎች ላይ ጠበቅ አድርገዋል፤ በጅምላ ከሚልክ ሰው ሦስቱንም ይጠይቃሉ፣ ከሌላውም ቢያንስ ኤስፒኤፍን ወይም ዲኪምን። የአንተ ሰውዬ ስፓም የሚገባው ምናልባት ዲኪሙ ስለሌለ ነው። ድረ ገጹ ላይ ያለው የመልእክት ቅጽም በኤስኤምቲፒ ፕለጊን (በኢሜይል አካውንቱ በኩል በሚልከው) ይላክ፣ ዝም ብሎ ከሰርቨሩ ሲላክ ይጠፋል።

ፊደል_ቆጣሪ | ሐሙስ ጠዋት 4፡10

አማርኛ ይዘት ካለህ ከማዛወርህ በፊት ይህን አንብብ።

ዳታቤዙን ስትቀዳ የፊደል አቀማመጡ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 (የአማርኛን ፊደል የሚይዘው) መሆኑን አረጋግጥ። የድሮ ድረ ገጽ ከሆነና ሠንጠረዡ ላቲን1 (የላቲን ፊደል ብቻ የሚይዘው) ከሆነ አዲሱ ሰርቨር ላይ ፊደሉ ሁሉ "????" ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ጥያቄ ምልክት ሆኖ አንዴ ከተቀመጠ ደግሞ አይመለስም፣ ከባክአፕ ብቻ ነው። ስለዚህ የድሮውን ሳታጠፋ ጥቂት የአማርኛ ገጾችን ከፍተህ እይ።

ሌላው አድራሻው ነው። ዎርድፕረስ የጽሑፉን ርዕስ ራሱ አድራሻ ያደርገዋል። አማርኛ ሲሆን እያንዳንዱ ፊደል በመቶኛ ምልክት (%) እየተጻፈ 9 ቁምፊ ይሆናል። የዳታቤዙ ቦታ ደግሞ 200 ቁምፊ ነው። ከ22 ፊደል በኋላ ርዕሱ ይቆረጣል! ቴሌግራም ላይ ስትለጥፈውም ሊንኩ አንድ ሜትር ሆኖ ይታያል። አድራሻውን በላቲን ፊደል አሳጥረህ ጻፈው። የፎቶ ፋይሎችን ስምም በአማርኛ አትተው፤ ዚፕ ሆነው ሲዛወሩ ስማቸው ተበላሽቶ ፎቶው ባዶ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ሰሚት_72 | ሐሙስ ጠዋት 4፡22

22 ፊደል! ለዚህ ነው ለካ የእኔ ሊንኮች ግማሽ ላይ የሚቀሩት።

መላ_ፈላጊ | ሐሙስ ማታ 3፡00

እሺ ጓዶች፣ እዚህ ደርሻለሁ። ሪሴለር እወስዳለሁ፣ ሰርቨሩ አውሮፓ የሆነ፣ ማደሻውና መነሻው ዋጋ እኩል የሆነ። ሁለት አግኝቻለሁ፣ አንዱ በብር ያስከፍላል፣ ደረሰኝም ይሰጣል፣ ባክአፕ ይዤ ልውጣ ስለው "ከሲፓነልህ ራስህ ታወርዳለህ" አለኝ። ወደ እሱ አጋድያለሁ። ቪፒኤሱን ለራሴ ብሎግ እሞክረዋለሁ @ጥቁር_ተርሚናል፣ እንዳትቀየም።

ሁለት ነገር ቀረኝ። ክሊኒኩ ድረ ገጹ ላይ የቀጠሮ ቅጽ ይፈልጋል፣ ስም፣ ስልክ፣ የሕመሙ ዓይነት። ሁለተኛ፣ ደንበኞቼን በዓመት ስንት ነው የማስከፍለው? ዶላሩ በየጊዜው ሲንቀሳቀስ እንዴት ትሠራላችሁ?

ሐያት_አደባባይ | ሐሙስ ማታ 3፡25

ሕመሙን አትጠይቅ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፣ የጤና መረጃን በተለየ ጥንቃቄ ነው የሚያየው። ውጭ አገር ሰርቨር ላይ የሕመምተኛ ታሪክ ማጠራቀም ለክሊኒኩም ላንተም ጣጣ ነው። ስም፣ ስልክ፣ የሚመቸው ቀን ይበቃል። የቀረውን ነርሷ ደውላ ትጠይቀው። ከዚያ በላይ ከፈለጉ የሕግ ባለሙያ ያነጋግሩ፣ ያንተ ሥራ አይደለም።

ድንኳን_ሰባሪ | ሐሙስ ማታ 3፡40

ዋጋውን በተመለከተ፦ ሆስቲንጉን ለብቻ፣ ድካምህን ለብቻ ጻፍ። ሆስቲንጉና ዶሜይኑ "ማደሻው በሚከፈልበት ቀን ባለው ምንዛሪ" ብለህ ውል ላይ አስገባ፣ በየዓመቱ። ለሦስት ዓመት የተቆረጠ ብር አትናገር። ድካምህን ደግሞ በብር በወር ወይም በዓመት፤ ማሻሻያ፣ ባክአፕ፣ ትንሽ ለውጥ። "ስልክ አንስቼ መልስ መስጠት" የሚለውንም አካትተው፣ ዋናው ሥራ እሱ ነው። ማደሻው በፈረንጅ ቀን ስለሚቆጠር ውሉ ላይ ሁለቱንም ቀን ጻፍ፣ ካልሆነ ጳጉሜን ላይ ትጨቃጨቃላችሁ።

ሩት_አክሰስ | ሐሙስ ማታ 4፡05

ስታዛውር ሁሉንም በአንድ ቀን አትንካ። የዲኤንኤሱን ቲቲኤል (የድሮው አድራሻ በየቦታው የሚታወስበትን ጊዜ) ከሁለት ቀን በፊት 300 ሰከንድ አድርገው፣ ለውጡ ቶሎ እንዲደርስ። በማሠልጠኛው ጀምር፣ ሱቁን መጨረሻ ላይ አድርገው፣ ትእዛዝ እየገባ ዳታቤዝ መቅዳት ራስ ምታት ነው። ሱቁን ስታዛውር ግማሽ ሰዓት ያህል "ጥገና ላይ ነን" በል። የድሮውን ሆስቲንግ ደግሞ ወዲያው አትዝጋ፣ ሁለት ሳምንት ይቆይ። አውቶማቲክ ማደሻውን ግን ዛሬውኑ አጥፋው፣ የአክስትህ ልጅ ካርድ ላይ ሳይቆርጡ።

መላ_ፈላጊ | ሐሙስ ማታ 4፡18

አጠፋሁት። የማሠልጠኛውን ቲቲኤልም ዝቅ አድርጌዋለሁ፣ ቅዳሜ ከሰዓት እጀምራለሁ። የሆነ ነገር ከተበላሸ እዚሁ ክር ላይ እጽፋለሁ፣ ስክሪንሹት ይዤ።

ቻናል_ይበቃል | ሐሙስ ማታ 4፡31

ይህ ሁሉ ለአንድ መጋረጃ ሱቅ 😂 ቻናሉን ግን ላክልኝ፣ ለሳሎን መጋረጃ እየፈለግሁ ነው።